በሜትር አሥራ ስድስት

አማቴ አኩሪ አተር የሚዘሩት እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር። የወፉን ድርሻ ያስባሉ፣ የትሉን ያስባሉ፣ በስብሶ የሚቀረውን ያስባሉ፤ ይህ ሁሉ ታስቦ ሲያበቃ ደግሞ «እንዲያው ለማንኛውም» ብለው ይጨምራሉ። ዘሩ ብቅ ባለ በሳምንቱ መሬቱ አይታይም። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያደንቃል፤ አማቴም አጥሩ ጋ ቆመው ሲደነቅላቸው ይውላሉ። ሁለት ወር ሲሞላው ግን ያ ሁሉ አረንጓዴ ፀሐይ ፍለጋ እርስ በርሱ እየተጋፋ ይመዘዛል፤ አገዳው ይቀጥናል፤ ጠንከር ያለ ንፋስ የመጣ ቀን ማሳው በሙሉ ይተኛል። አማቴ ንፋሱን ይራገማሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ረግመውታል።

ባለቤቴ የእሳቸው የመጨረሻ ልጅ ናት። እኔ ሚስት አግብቼ ቤቴ ያስገባሁ ሳልሆን፣ ሚስት አግብቼ አባቷ ቤት የገባሁ ሰው ነኝ። ግቢው በር ላይ ብስክሌት እጠግናለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ አማቴ አንድ ቀን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «ባለ ብስክሌቱ» ነው የሚሉኝ። መጀመሪያ ቅር ይለኝ ነበር። በኋላ ግን የጎን ጎረቤታችንን ለሃያ ዓመት «ታዛቢው» ሲሉት እንደኖሩ ስሰማ፣ የእኔ በስንት ጣዕሙ አልኩ። ታዛቢው ስሙን የሚያስነቅፍ ሰው አይደለም። አጥሩ ላይ ክንዱን ጣል አድርጎ ያያል፣ ያየውን ይጠይቃል፣ የተመለሰለትን ደግሞ ሌላ ቦታ ወስዶ ይጠይቃል።

ባለፈው ዓመት የአማቴ ዓይን ደከመ። ፊት ለፊታቸው የቆመውን ሰው በድምፁ እንጂ በመልኩ የማይለዩበት ደረጃ ሲደርሱ፣ ማሳውን ማን ይያዘው የሚለው ነገር መነሳቱ አልቀረም። ታዛቢው በእኩል ላርስላችሁ ብሎ ቀደም ብሎ ጠይቋል። ባለቤቴ ደግሞ እኔ እያለሁ ለምን አለች። ከመጋባታችን በፊት ከተማ አክስቷ ዘንድ፣ ልብስ መሸጫ ሱቅ ውስጥ፣ ስድስት ዓመት የሰው ወገብ ስትለካ ነው የኖረችው። ወደዚያ ሱቅ ከምመለስ ሞቴን እመርጣለሁ ብላ ስትምል ሰምቻታለሁ፤ የምላ የማታውቅ ሴት ናት።

አማቴ ሦስት ቀን አሰቡበትና ውሉን ተናገሩ። ዘንድሮ የዘሩን መጠን እሷ ትምረጥ። በተዘራ በሃያኛው ቀን የበቀለው ይቆጠር። በአንድ ሜትር መስመር ከአሥራ ሁለት እግር ቡቃያ በታች ከተገኘ ማሳው ለታዛቢው ይሰጣል፣ እሷም አክስቷ ዘንድ ትመለሳለች። አሥራ ሁለት ከየት እንደመጣ የጠየቃቸው የለም። እኔ ልጠይቅ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን እሷ ከተመለሰች እኔም ብስክሌቶቼን ይዤ ተከታይ መሆኔ ትዝ አለኝና፣ የራሱ ጉዳይ ያለበት ሰው ጥያቄ አያምርበትም ብዬ ተውኩት።

ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ ልንገራችሁ፤ አይረዝምም። ባለቤቴ መቶ ግራም ዘር መዝና ፍሬውን አንድ በአንድ ቆጠረች። ስድስት መቶ ሆነ፤ በኪሎ ስድስት ሺህ ማለት ነው። አማቴ የት ሊሄድብሽ ነው የምትቆጥሪው አሏት። ሲዘሩ የኖሩት በኪሎ ነው፤ ለአንድ ሄክታር ሰማንያ ኪሎ። ዘሩ አንድ ዓመት ደቃቅ፣ አንድ ዓመት ደንዳና እንደሚመጣ ነገረቻቸው። ኪሎ ኪሎ ነው አሉ።

«የሚበቅለው እኮ ፍሬው ነው አባዬ፤ ኪሎው አይበቅልም።»

ከዚያ መቶ ፍሬ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላ መስኮቱ ጥግ አስቀመጠች። ፎጣው የእኔ ነበር። ስድስት ቀን ሙሉ በሸሚዜ ጫፍ ፊቴን ስጠርግ ሰነበትኩ። በስድስተኛው ቀን ሲፈታ ሰማንያ አምስቱ ጅራት አውጥተዋል። አማቴ ሰማንያ አምስቱን ተዉና ስለ አሥራ አምስቱ ይጠይቁ ጀመር። ምን ሆኑ? ውሃ አንሷቸው ነው? ትንሽ ቢቆዩስ? የጠፋ ዘመድ የሚያፈላልጉ ነበር የሚመስሉት። ባለቤቴ ዘር ሁሉ እንዲህ ነው፣ የማይበቅለውን አስቀድሞ አውቆ በቁጥር መተካት ነው አለች። በሜትር አሥራ ሦስት እግር እንዲቆምላት ትፈልጋለች። ከመቶ ሰማንያ አምስት የሚበቅል ከሆነ አሥራ አምስት ምናምን ፍሬ ይጣላል፤ መሬት ውስጥ ለሚቀረው ትንሽ ተጨምሮ አሥራ ስድስት።

አማቴ «ስንት?» አሉ።

ደገመችላቸው። የእሳቸው በፍሬ ሲሰላ ሃያ አራት ገደማ ነበር። አሥራ ስድስትን ሲሰሙ በልጃቸው ላይ የተገኘ በሽታ እንደተነገራቸው ሁሉ ወንበር በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

ማሳው አንድ ሄክታር ነው። መቶ ሜትር የሚረዝም ሁለት መቶ መስመር ይወጣዋል። ለዚህ በእሷ ቁጥር ሃምሳ ሦስት ኪሎ ከምናምን ይበቃል። ጆንያው ውስጥ ሃምሳ ሰባት ኪሎ አለ። አራት ኪሎ የሚጠጋ ትርፍ መሆኑ ነው። አማቴ ትርፍ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ትንሽ ፊታቸው ፈታ አለ።

መዝሪያው ከትራክተሩ ኋላ የሚታሰር፣ በአንድ ዙር ሁለት መስመር የሚዘራ አሮጌ ማሽን ነው። የሚጥለውን ዘር የሚወስነው ከሁለቱ የዘር ሳጥኖች ሥር ያለ ማንሻ ሲሆን፣ ማንሻው በጥርስ በጥርስ ይወጣል፤ በአንድ ጥርስ ከፍ ባለ ቁጥር በሜትር አንድ ፍሬ ይጨምራል። የጥርሶቹ ቁጥር ተፍቆ ካለቀ ቆይቷል፤ ከታች ጀምሮ «ቀጭ፣ ቀጭ» ሲል መቁጠር ነው። ከመዝራታችን በፊት ባለው ቀን፣ ከሰዓት፣ ማሽኑን በድንጋይ አስደግፌ ጎማውን በእጄ አዞርኩት። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሁለት ሜትር ይሄዳል፤ ስንት ጊዜ እንደዞረ እንዲታወቅ ቀይ ጨርቅ አሠርንበት። አምስት ዙር፣ አሥር ሜትር። ከሁለቱ ቱቦዎች ሥር ሁለት ሳህን ተቀምጧል። ባለቤቴ ተንበርክካ ቆጠረች። አንዱ መቶ ሃምሳ ስምንት፣ ሌላው መቶ ስልሳ ሦስት። አምስተኛው ጥርስ አሥራ ስድስቱን ይሰጣል ማለት ነው። የማንሻውን ክዳን ዘጋችውና ሁላችንም ወደ ቤት ገባን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። በማግሥቱ ጠዋት የማሽኑን ሰንሰለት ዘይት ልቀባ ወጣሁ። ቀባሁ። ክዳኑን ከፈትኩ። ማንሻውን አንድ ጥርስ ከፍ አደረግሁት። ቀጭ አለ። ባለቤቴን አላምናትም ማለቴ አልነበረም። አሥራ ስድስት ቢሳነው፣ ዝናብ ቢጠፋ፣ ትል ቢነሳ፣ እሷ በስልሳ ዓመቷም የሰው ወገብ ስትለካ ትታየኝ ነበር። ብስክሌት የሚጠግን ሰው ደግሞ አንድ ጥርስ ምን ያመጣል ብሎ ያስባል። ሙያው የሚያስተምረው ተቃራኒውን መሆኑን አውቃለሁ።

መዝራት ጀመርን። እኔ ትራክተሩን እነዳለሁ፣ እሷ ከኋላ በእግሯ ትከተላለች፣ አማቴ ማሳው ዳር የላስቲክ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በድምፅ ይከታተላሉ። ታዛቢው አጥሩ ላይ ነው። አንድ ነገር ገርሞኝ ነበር። እንዲህ ፍሬ ስትቆጥር የሰነበተች ሴት፣ ማሽኑ ካለፈ በኋላ አንዲት ሜትር እንኳ ቆፍራ ምን እንደወደቀ አላየችም። ባለማየቷ ደስ አለኝ እንጂ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ዘጠናኛውን ዙር ጨርሰን ስንዞር ሁለቱም ሳጥን ባዶ ነበር። ጆንያው ተራገፈ፤ ጥቂት ፍሬና ብዙ አቧራ ወጣው። ገና አሥር ዙር ይቀረናል።

አማቴ ሞተሩ መቆሙን ሰምተው ስንት መስመር ቀረ አሉ። ሃያ አለች።

«ታዲያ አሥራ ስድስትሽ ይሄ ነው?»

ባለቤቴ ባዶውን ጆንያ አጥፋ ከብብቷ ሥር ያዘች። ታዛቢው ጆሮውን አቁሟል።

«ስሌቱ ላይ ተሳስቻለሁ ማለት ነው» አለች።

እኔ ትራክተሩ ላይ ነበርኩ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ ከትራክተር ላይ ሆኖ መናዘዝ ግን ከባድ ነው፤ ከፍታው አያመችም። ቤት ስንደርስ ማሽኑን አጠብኩ። ከታጠበ በኋላ ስፕሪንጉ እንዳይላላ ማንሻው እስከ ታች ይወርዳል፤ የእኔ ሥራ ነው። አወረድኩት። ስንት ጊዜ ቀጭ እንዳለ አልቆጠርኩም። የራሱን አንድ የሚያውቅ ሰው ሌላ ለመቁጠር አይቸኩልም።

ሦስት ቀን አለፈ። ባለቤቴ ደብተሯን አልለቀቀችም። መስመሩ ረዝሞ እንደሆነ ብላ ማሳውን በገመድ ለካች፤ መቶ ሜትር ነው። ከጆንያው የተራገፈውን ፍሬ ለቅማ እንደገና መዝና ቆጠረች፤ ያው ነው። እህል ስታላምጥ እንኳ ከንፈሯ ቁጥር ይቆጥራል። አማቴም ድምፃቸው ጠፍቷል፤ በረንዳ ላይ ሬዲዮናቸውን ታቅፈው ይውላሉ፤ ዜና ሲነበብ እንኳ አስተያየት አይሰጡም። ታዛቢው በበኩሉ ሃያው መስመር ለምን ይሆን ባዶ የተተወው ብሎ እኔን ሁለት ጊዜ፣ ብስክሌት ሊያስጠግን የመጣ ደንበኛዬን ደግሞ አንድ ጊዜ ጠየቀ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጥታ የሥራ ቦታዬ አጠገብ የተደፋ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። እኔ የተጣመመ ጎማ እያቃናሁ ነበር። ማታ ለአባቷ ልትነግራቸው መወሰኗን ነገረችኝ፤ ማሳውን ለታዛቢው ይስጡት። አራት ኪሎ ትርፍ ይዛ ሃያ መስመር የሚጎድልባት ሴት ማሳ ምን ያደርግላታል። አክስቷም ሰው ፈልጌ ነበር ብላለች። ይህን ስትናገር አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ጎማውን አስቀመጥኩት።

«ማንሻውን ነክቼዋለሁ» አልኳት። «ጠዋት፣ ዘይት ስቀባ። አንድ ጥርስ።»

ሊመጣ ያለውን ስድብ ለመቀበል ተዘጋጀሁ፤ በሚገባ የተገባኝ ነበር። እሷ ግን ደብተሯን ገለጠች።

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

ጻፈች፣ አካፈለች፣ ሰረዘች። ከዚያ ደብተሩን ወደ እኔ አዞረችው። አንድ ጥርስ ብቻ ቢጨመር ትርፉን ይበላል እንጂ ማሳው ይሸፈናል። ሁለት ቢጨመር አሥር መስመር ይቀራል። ሃያ መስመር የሚቀረው ሦስት ጥርስ ሲጨመር ነው።

«እኔ አንድ ነው የነካሁት» አልኩ፤ ድምፄ ሲቀጥን ለራሴም ተሰማኝ።

እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካች፣ አወረደች፣ እንደገና ሰካች።

«እኔም አንድ» አለች።

ማሽኑን የሞከርን ዕለት ማታ፣ ሁላችንም ከገባን በኋላ፣ ክዳኑ በደንብ ተዘግቶ እንደሆነ ልይ ብላ ተመልሳ ነበር። ክዳኑ ተዘግቷል። እሷ ግን ያልበቀሉት አሥራ አምስቱ ከፊቷ አልጠፉ አሏት፤ ትርፍ አራት ኪሎ አለኝ፣ ከትርፉ ነው የማወጣው፣ ማንም አይጎዳም ብላ ከፍ አደረገችው። ለዚህ ነበር ማሽኑ ካለፈ በኋላ ያልቆፈረችው፤ አሥራ ስድስት እንደማታገኝ ታውቃለች፣ አሥራ ሰባቱን ደግሞ ማየት አልፈለገችም። ሦስት ቀን ሙሉ የራሷን አንድ ጥርስ ጨምራ ስታሰላ ነበር፤ ማሳው መሸፈን አለበት፣ አልተሸፈነም።

እንግዲህ ሦስት ጥርስ ነው፤ ሁለቱ ተገኝተዋል። ሁለታችንም ሳንነጋገር ወደ በረንዳው ዞር አልን።

አማቴ ሬዲዮኑን ታቅፈው እንደተቀመጡ ናቸው። ባለቤቴ ፊታቸው ቆመች።

«አባዬ፣ ማሽኑን ነክተኸው ነበር?»

ሬዲዮኑን ዝቅ አደረጉት። ከዚያ አጠፉት።

«እኔ የነካሁት አንድ ነው» አሉ። «አንድ ጥርስ ሃያ መስመር አይበላም። ሦስት ቀን ሙሉ ሳስበው ነው የሰነበትኩት፤ አይበላም።»

«አይበላም። እሱም አንድ ነክቷል።»

«ባለ ብስክሌቱ?» ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ምሰሶው ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱስ ባል ነው፤ ፈርቶ ነው።»

«እኔም አንድ።»

አማቴ በዚህ ጊዜ ደነገጡ። የእሳቸውም የእኔም እንዳልነበረ ተረሳ።

«አንቺ? የገዛ ቁጥርሽን?»

ጎህ ሲቀድ፣ ማንም ሳይነሳ፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጥተው ማንሻውን በጣታቸው ፈልገው እንዳገኙት ነገሩን። ዓይን አያስፈልገውም፣ አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩት ነው አሉ። ከአሥራ ሁለት ያነሰ በቀለ ማለት ማሳው ለታዛቢው ሊሰጥ ነው፤ ውሉን የተናገሩት ደግሞ ራሳቸው ናቸው፣ በታዛቢው ፊት የተናገሩትን ሊያጥፉ አይችሉም። «ለሱ መስጠት ፈልጌ መስሎሽ ነው?» አሉ።

ባለቤቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ልትቆጣን ነው ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ እኔንም እሳቸውንም።

«ስላላመንከኝ አልቀየምህም አባዬ» አለች። «እኔም ራሴን አላመንኩም።»

አማቴ ሬዲዮናቸውን ወደ ጎን አስቀመጡና፣ አልጋዬ ሥር ስድስት ኪሎ ዘር አለ አሉ። ከዚያው ከጆንያው ዘር ነው። ዘሩ የመጣ ቀን፣ እንዲያው ለማንኛውም ብለው፣ ስልሳ ሦስት ኪሎ አስመዝነው ስድስቱን ወደ ጎን አድርገውታል። ባለቤቴ ሳታስበው ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ አማቴ ግን አልሳቁም፤ በአልጋ ሥር ዘር ማስቀመጥ ምን የሚያስቅ ነገር እንዳለው አልታያቸውም። ለሃያ መስመር በአሥራ ስድስት አምስት ኪሎ ተኩል አይሞላም። ይበቃል።

አማቴ ውሉን እንደገና ተናገሩ። ያ የተዘራው የማንም ቁጥር አይደለም፤ እሱ ላይ ቆሞ መፍረድ አይቻልም። የሚቆጠረው ሃያው መስመር ነው። አሥራ ሁለቱ አሥራ ሁለት ነው። እሷም እሺ አለች። ነገሩ ሲታሰብ የባሰበት ነበር፤ ሦስታችንም በድብቅ ከሰጠናት ሦስት ፍሬ አንዱም የለም።

በማግሥቱ ጠዋት አማቴ ወንበራቸውን ማሽኑ አጠገብ አስደረጉ። ባለቤቴ ማንሻውን ከታች ጀምራ ስታነሳ ጮክ ብላ ቆጠረች፣ እሳቸውም በጆሯቸው ተከታተሉ፤ አምስተኛው ቀጭ ሲል «በቃ» አሉ። ክዳኑ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሦስታችንም ከማሽኑ ራቅ ብለን ቆምን፤ ያየን ሰው ማሽኑ ይፈነዳል ብለን የፈራን ይመስለው ነበር። አሥሩን ዙር ነዳሁ። በዚህኛው ጊዜ እሷ ከኋላ እየቆፈረች ፍሬውን ታየው ነበር። አሥራ ስድስት፤ አሥራ አምስት፤ አሥራ ሰባት፤ አሥራ ስድስት።

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። መቶ ሰማንያው መስመር አፈሩን ገፍትሮ ወጣ፤ ደስ ይላል፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ማድነቅ ጀመረ። ሃያው መስመር በተዘራ በማግሥቱ ግን የወረደው ዶፍ አፈሩን አንጥፎ፣ የወጣው ፀሐይ ደግሞ እንደ ሸክላ አደረቀው። በአሥረኛው ቀን በሜትር ሰባት፣ ቢበዛ ስምንት ብቻ ይታይ ነበር። ታዛቢው ያኛው ጥግ የተዘራ ነው ወይስ የተተወ ብሎ በትህትና ጠየቀ። ባለቤቴ በየቀኑ ሄዳ ታያለች፤ አትነካም። አንዳንድ ቦታ አፈሩ እንደ ክዳን ተነስቶ ከሥሩ የታጠፈ የቡቃያ አንገት ይታያል፤ ገና ነው ትላለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እኔም ልይ ብዬ ሄድኩ። እንዲያው ስሄድ የሱሪዬ ኪስ ውስጥ ከአልጋው ሥር የተረፈ ጥቂት ዘር ነበር። እንዴት እዚያ እንደገባ ማስረዳት ያስቸግራል። ባለቤቴ መስመሩ ጫፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። መዳፏን ዘረጋች። ኪሴን አራግፌ ሰጠኋት። የመጨረሻዋ ፍሬ እስክትወጣ ጣቷን አላጠፈችም።

ሃያኛው ቀን ደረሰ። አምስት ቦታ እንዲቆጠር ተስማምተናል። አንድ ሜትር የሚረዝም ዱላ ቆርጬ ሰጠሁ። ባለቤቴ ዱላውን መስመሩ ጎን ታስቀምጣለች፤ አማቴ ተንበርክከው ከዱላው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው እያንዳንዱን እግር በጣታቸው እየነኩ ይቆጥራሉ፤ እኔ ደብተር ይዣለሁ። ታዛቢው ከአጥሩ ወዲያ ነው፤ ዛሬ ምን ታያለህ ብሎ ማንም ሊጠይቀው አይችልም፣ ጉዳዩ ይመለከተዋል።

የመጀመሪያው አሥራ ሦስት። ሁለተኛው አሥራ ሁለት። ሦስተኛው አሥራ አራት። አማቴ ሲቆጥሩ ቁጥሩን አያሳጥሩም፣ አያስረዝሙም፤ እንደ ቀረጥ ተቀባይ ናቸው።

አራተኛው ታች፣ ዝናቡ ውሃ ያቆረበት ቦታ ላይ ዋለ። ጣታቸው ዱላው ጫፍ ደረሰ። ተመለሱና ከመጀመሪያው ጀምረው ደገሙት።

«አሥር» አሉ።

እኔ እርሳሴን ከወረቀቱ ላይ አነሳሁ። ዱላው አንድ እርምጃ ወደ ግራ ቢቀመጥ ኖሮ አሥራ ሦስት ይሆን ነበር፤ በዓይኔ አየዋለሁ። አማቴ ግን አያዩትም። እሷ ታየዋለች።

«አሥር ነው፤ ጻፍ» አለችኝ።

ጻፍኩ። አምስተኛው አሥራ ሦስት ሆነ። ደምሬ ለአምስት አካፈልኩ፤ ደግሜም አካፈልኩ። አሥራ ሁለት ከምናምን ነበር። ጮክ ብዬ ተናገርኩ። አማቴ ምናምኑ ስንት ነው አሉ። ከግማሽ በታች አልኳቸው። ከላይ ነው ከታች አሉ። ከአሥራ ሁለት በላይ አልኩ።

አፈሩ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን በጭናቸው ላይ አራገፉ።

«እንግዲያ ለከርሞ አሥራ ስድስት ብለን እንይዘዋለን» አሉ።

«የከርሞው ዘር ሳይፈተሽ አይታወቅም አባዬ።»

«ቁጥሩ ይለወጣል?»

«ይለወጣል። ከመቶ ዘጠና አምስት የሚበቅል ከመጣ ይቀንሳል፣ ሰባ ከሆነ ይጨምራል።»

«በየዓመቱ?»

«ዘሩ በመጣ ቁጥር።»

አማቴ ብዙ አሰቡ። ለአሥራ አንድ ዓመት ሰማንያ ኪሎ አንድ ጊዜ ተብሎ ያለቀ ነገር ነበር። እሷ አንድ ጊዜ አውቃ፣ አንድ ጊዜ ነግራቸው፣ እሳቸውም ያንን ይዘው የሚኖሩ መስሏቸው ኖሯል።

ታዛቢው በዚህ መሃል አጥሩን ተጠግቶ፣ ጎረቤቴ፣ ስለ ማሳው እንግዲህ ምን ተባለ፣ ቁርጡን ንገሩኝ አለ።

«እኔን አትጠይቀኝ» አሉ አማቴ፤ ወደ ድምፁ እንኳ አልዞሩም። «ማሳው የእሷ ነው። እሷን አነጋግራት።»

ታዛቢው ወደ ባለቤቴ ዞረ፣ ጉሮሮውንም ጠረገ። እሷ ግን አምስት ቦታ ብቻ የተባለውን ትታ፣ ዱላውን ውሃ ያቆረበት ቦታ አጠገብ እንደገና አስቀምጣ፣ አሥሩ እስከ የት እንደሚደርስ ለማወቅ ተንበርክካ ነበር። ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራ።

«አንዴ ጋሼ» አለችው አንገቷን ሳታነሳ፤ «እየቆጠርኩ ነው።»

ታዛቢው አጥሩን ይዞ ቆመ።